ጎነ ነጭ ጎማና የሞተር ብስክሌት የኋላ እግር

በዚህ እትም ተራው ለሳይንስ ክበባችን ስለ ደረሰ፣ ስለ ሞተር ብስክሌት የኋላ እግር ልንጽፍ ተነሥተናል። አርእስቱን አይቶ «ይኸ ደግሞ ለመምህርነት ሥልጠና ምን ይረባል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሠን። ነገሩ ሒሳብም፣ ፊዚክስም፣ ኬሚስትሪም አለበት። ከዚያም በላይ ተመርቀን ከምንመደብባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ መኪና እንደ ልብ የማይገኝባቸው ናቸው። ሱፐርቫይዘሩም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የግብርና ሠራተኛውም ብቅ የሚለው በሞተር ብስክሌት ነው። ነገ ከእኛም መካከል መንዳቱ ለማይቀርለት ሰው፣ የሚቀመጥበት ነገር በምን እንደ ተያዘ ማወቁ አይከፋም።

ጥያቄው የተነሣው ከአንድ ሥዕል ነው። ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ከአሮጌ የውጭ መጽሔት ቆርጦ ከአልጋው ራስጌ የለጠፈው ሞተር ብስክሌት አለ። ሆንዳ ሲቢ 750 ይባላል። የኋላ እግሩ አጠር፣ ወፈር ያለ ሲሆን በጎማው ጎን ላይ ጥርት ያለ ሰፊ ነጭ ቀለበት ይዞራል። ግማሾቻችን «ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ አልሠራውም» አልን። ግማሾቹ ደግሞ «ጎማ ጎማ ነው፤ ነጩን ገዝቶ ማስገባት ብቻ ነው፤ ምን ያከራክራል?» አሉ። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ዘለቀ። ስናጣራው ግን የመጀመሪያዎቹ ልክ ሆነው ተገኙ። ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት አንድ አረፍተ ነገር አይበቃም።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። እኛ በተለምዶ ሁሉንም «ጎማ» እንለዋለን፤ ይህ ያሳስታል። በዚህ ጽሑፍ «ጎማ» ስንል መሬት የሚነካውን ውጭኛውን ላስቲክ ብቻ ነው። «ቸርኬ» ጎማው የሚቀመጥበት የብረት ቀለበት ነው። በውስጥ አየር የምትይዘው «ካላማዳሪ» ናት። በመካከል ያለውን፣ ዘንጉ የሚያልፍበትን ክፍል «እምብርት» እንበለው። እምብርቱን ከቸርኬው ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲሆኑ «እግር» እንላቸዋለን። ጋራዥ ውስጥም «የኋላውን እግር አውርደው» ነው የሚባለው።

አሁን ወደ ነጩ ነገር። ጎማ በተፈጥሮው ጥቁር አይደለም። ከዛፉ የሚቀዳው ፈሳሽ ወተት መሳይ ነው። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋር አሙቆ ማጠንከርን ካገኘ በኋላም፣ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1888 በአየር የሚሞላ ጎማ ከሠራ በኋላም፣ የጎማ ቀለም ለረዥም ጊዜ ነጣ ያለ ነበር። ለጥንካሬ ይጨመርበት የነበረው ዚንክ ኦክሳይድ ራሱ ነጭ ነው። ኋላ ላይ ግን ካርቦን ብላክ የሚባለው እጅግ የላመ ጥቀርሻ ሲቀላቀልበት ላስቲኩ መሬት ሲፈጨው ቶሎ እንደማያልቅ ታወቀ። በ1910ዎቹ ፋብሪካዎች መሬት የሚነካውን ክፍል በዚህ መሥራት ጀመሩ። ጎኑ ግን ብዙ ስለማይፋቅ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። እንግዲህ ጎነ ነጭ ጎማ ሲጀመር ጌጥ አልነበረም፤ ጥቁሩን ከሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ የማድረግ ውጤት ነበር ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ጎማው በሙሉ ጥቁር መሆን ሲለመድ፣ ነጭ ጎን የድሎት ምልክት ሆነ። በአሜሪካ ትልልቅ መኪናዎች ላይ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሰፊው ነጭ ቀለበት እንደ ወግ ዕቃ ይታይ ነበር።

የዛሬው ጎነ ነጭ ጎማ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። በጎኑ ውስጥ የነጭ ላስቲክ ሽፋን ይገባል፤ በላዩ ስስ ጥቁር ላስቲክ ይለብሳል፤ ጎማው በቅርጹ ከበሰለ በኋላ ያ ስስ ጥቁር ተፍቆ ነጩ ብቅ ይላል። በነጩና በውስጠኛው ጥቁር መካከል ደግሞ የሚከላከል ላስቲክ ይደረጋል። ምክንያቱም ጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ ያሉት ዘይቶችና መከላከያ ቅመሞች ቀስ እያሉ ወደ ነጩ ሰርገው ቢጫ ያደርጉታል። ነጩ ቀለም የተቀባ የሚመስለው ሰው ካለ እንግዲህ አይደለም። ቀለም የመቀባቱን ነገር ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሥዕሉ ላይ ወዳለው ሆንዳ እንምጣ። ሲቢ 750 እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የወጣ፣ አራት ሲሊንደርና 736 ሲሲ ይዘት ያለው ሞተር ብስክሌት ነው። በዘመኑ ጉድ ተብሏል። ከፋብሪካው ሲወጣ የፊት ጎማው 3.25-19፣ የኋላው 4.00-18 ነበር። ይህ ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ውፍረት በኢንች፣ ሁለተኛው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የኋላው እንግዲህ 4 ኢንች ውፍረት ኖሮት በ18 ኢንች ቸርኬ ላይ ይቀመጣል።

ጎነ ነጭ የሞተር ብስክሌት ጎማ ግን በብዛት የሚሠራው ለ16 ኢንች ቸርኬ ነው። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። ሃርሊ ዴቪድሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 5.00-16 የሚባል ወፍራም ጎማ ለትልልቅ ሞተር ብስክሌቶቹ አቀረበ። ብዙ አየር ስለሚይዝ በጎርባጣ መንገድ ላይ ይለሰልሳል፤ ጭነትም ይችላል። ነጩ ጎን የተለመደው በእነዚህ ከባድ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ስለ ሆነ፣ በ18 ኢንች የሚገኘው ጥቂት ነው። ስለሆነም በ1970ዎቹ በአሜሪካ የነበሩ የሆንዳ ባለቤቶች መልክም ምቾትም ሲፈልጉ የኋላውን እግር ወደ 16 ኢንች ይለውጡት ጀመር። ሥዕሉ ላይ ያየነው ይህን ነው።

«18ቱን አውጥቶ 16 ሲያስገቡበት ሞተሩ ከኋላው አይወርድም ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እዚህ ላይ ጠመኔ ማንሳት ያስፈልጋል። የጎማው ውፍረትና ቁመት እኩል ነው ብለን ብንነሣ (የድሮዎቹ ጎማዎች ከሞላ ጎደል እንዲያ ናቸው) የ4.00-18 ጎማ ጠቅላላ ዲያሜትር 18 ሲደመር 4 ሲደመር 4፣ ማለት 26 ኢንች ነው። የ5.00-16ስ? 16 ሲደመር 5 ሲደመር 5፤ እንደገና 26! ቸርኬው ያነሰውን ጎማው ሞላው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ይህን የመረጡት ዝም ብለው አይደለም።

አሁን የሚገኘው ጎነ ነጭ ጎማ ግን ብዙ ጊዜ 130/90-16 የሚል፣ ወይም በአሜሪካ አጻጻፍ ኤምቲ90-16 የሚል ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው። አነባበቡ ይለያል፦ 130 ውፍረቱ በሚሊሜትር ነው፤ 90 ደግሞ የጎኑ ቁመት የውፍረቱ 90 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 16 ያው ቸርኬው ነው፤ እሱ ብቻ በኢንች ቀረ። (ሚሊሜትር፣ መቶኛና ኢንች በአንድ መስመር ላይ ማን እንዳጋባቸው እንጃ። ለተማሪ ይህን ማስረዳት ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል።) የጎኑ ቁመት 117 ሚሊሜትር ይሆናል። ሁለቴ 117፣ 234። 16 ኢንች 406.4 ሚሊሜትር ነው። ድምሩ 640.4 ሚሊሜትር። የቀድሞው 26 ኢንች 660.4 ሚሊሜትር ነበር። ልዩነቱ 20 ሚሊሜትር፣ ወደ 3 በመቶ ገደማ ነው።

3 በመቶ ምን ያደርጋል? የድሮው እግር አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ7 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል፤ አዲሱ 2 ሜትር ከ1 ሴንቲሜትር። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የድሮው በደቂቃ 803 ጊዜ፣ አዲሱ 828 ጊዜ መዞር አለበት። ሞተሩም በዚያው መጠን ይፈጥናል። አቀበት ላይ ጥቂት ያግዘዋል፤ ሜዳ ላይ ጥቂት ያስጮኸዋል። ሲቢ 750 ፍጥነት መለኪያውን የሚያዞረው ከፊት እግር ስለ ሆነ ንባቡ አይዛባም። መለኪያቸው ከማርሽ ሳጥን በሚዞርባቸው ሞተር ብስክሌቶች ላይ ግን መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት በ3 በመቶ ከፍ አድርጎ ያሳያል። የሞተሩ ኋላ የሚወርደው የዲያሜትሩን ልዩነት ግማሽ፣ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይኸ ከቁም ነገር አይገባም።

ይህን በወረቀት ብቻ እንዳይቀር በግቢያችን በምትገኘው ትንሽ ሞተር ብስክሌት ሞክረነዋል። የኋላ ጎማዋ 2.75-18 ነው። በስሌቱ ዲያሜትሯ 23.5 ኢንች፣ ዙሪያዋ 1 ሜትር ከ87 ሴንቲሜትር ተኩል መሆን አለበት። ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ አንዳችን ተቀምጠንባት ሌሎቻችን አንድ ዙር ገፋናት፤ በሜትር ለካን። 1 ሜትር ከ84 ሆነ። የጠፋው 3 ሴንቲሜትር ተኩል የት ሄደ? ጎማው ሰው ሲቀመጥበት ከታች ስለሚጨፈለቅ ከዘንጉ እስከ መሬት ያለው ርቀት ያጥራል። ሁለተኛ ከባድ ጓደኛችንን አስቀምጠን ደገምነው፤ ቁጥሩ ጥቂት ቀነሰ። ይህን ሙከራ ሞተር ባይኖር በብስክሌትም መሥራት ይቻላል። ስለ ክብ ዙሪያ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ በነፃ አይገኝም ባዮች ነን።

ቁመቱ ልክ ሆነ እንበል። ውፍረቱስ? ከ4 ኢንች ወደ 5 ኢንች ሲሄድ 25.4 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ በየጎኑ 12.7 ሚሊሜትር። ከኋላ እግሩን ከግራና ከቀኝ የያዘው ሹካ አለ፤ በግራ በኩል ደግሞ ካቴናው ያልፋል። ጎማው ካቴናውን ከነካ ላስቲኩ በቢላ እንደ ተቆረጠ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በነበረው ጎማና በካቴናው፣ በጎማውና በሹካው፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለክቶ 12.7 ሚሊሜትር መቀነስ ነው። የሚተርፈው ከእርሳስ ውፍረት ካነሰ እኛ አንሳፈርበትም። ጎማ በፍጥነት ሲዞር ጥቂት ያብጣልና። «ቸርኬውን ከካቴናው ትንሽ ገፋ አድርጎ ማሰር ነው» የሚሉ አሉ። ያኔ ግን የኋላው እግር ከፊተኛው ዱካ ወጥቶ ይሄዳል፤ ሞተሩም እጅ ሲለቁት ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

እግሩን ለመለወጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሌላ ሞተር ብስክሌት ሙሉ እግር ማምጣት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን የዘንጉ ውፍረት፣ የግራና የቀኝ ቦኮላዎቹ ርዝመት፣ ፍሬኑ፣ ካቴናው የሚያዞረው ባለ ጥርሱ ኮሮና አሰላለፍ፣ አራቱም መግጠም አለባቸው። ኮሮናው ከፊተኛው ጥርስ ጋር በአንድ መስመር ላይ ካልዋለ ካቴናው ጎኑን እየተፋቀ ይሄድና ወይ ያልቃል ወይ ይወጣል። ሁለተኛው መንገድ የራሱን እምብርት ይዞ ቸርኬውን ብቻ መለወጥ ነው። የአሜሪካኖቹ የሆንዳ ባለቤቶች የመረጡት ይህንን ነበር፤ እኛም የተሻለ ነው እንላለን። ፍሬኑ፣ ኮሮናው፣ ቦኮላው፣ በእምብርቱ ውስጥ የካቴናውን ንዝረት የሚውጡት ላስቲኮች፣ ሁሉም በነበሩበት ይቆያሉ።

እዚህ ላይ ዕድል ረድቷቸዋል። የሲቢ 750 እምብርት 40 ሽቦ ይይዛል፤ የሃርሊ 16 ኢንች ቸርኬም 40 ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው 36 ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሽቦዎቹ ግን የድሮዎቹ አይሆኑም። የቸርኬው ራዲየስ 1 ኢንች፣ 2.54 ሴንቲሜትር አጥሯል። «እንግዲያው ሽቦውን በ2.54 ማሳጠር ነው» ሊባል ነው። አይደለም። ሽቦው ከእምብርቱ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከእምብርቱ ጠርዝ ሰያፍ ተነሥቶ ከሌላው ጋር እየተጠላለፈ ነው ወደ ቸርኬው የሚሄደው። ስለዚህ የሚያጥረው ከ2.54 ጥቂት ያነሰ ነው፤ ልኩን የሚሰጠው የኮሳይን ሕግ ነው። (ይህን የሒሳብ መምህራችን ሲያነቡት ለፈተና እንዳያመጡብን እንለምናለን።) በተጨማሪ የቸርኬው ቀዳዳዎች ለሌላ እምብርት በሌላ አቅጣጫ ጋደል ተደርገው የተበሱ ከሆነ ሽቦው አንገቱ ላይ ተጣሞ ይቆማል፤ የተጣመመ ሽቦ ደግሞ ውሎ አድሮ ይሰበራል።

ሽቦ መወጠር የራሱ ሙያ ነው። ሁሉም በእኩል ድምፅ እስኪጮኹ፣ እንደ ክራር፣ ይወጠራሉ። እኛ እንደ ታዘብነው ባለሙያው በመፍቻ ጫፍ አንድ በአንድ እየመታ ያዳምጣቸዋል፤ የላላው «ደብ» ይላል። ቀጥሎ እግሩን በዘንጉ ላይ ሰቅሎ፣ ሽቦ ወይም ጠመኔ ከቸርኬው ጎን አስጠግቶ ያዞረዋል። ቸርኬው ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ታች ሲወላገድ ይታያል። የሆንዳ የጥገና መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት መወላገድ እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ሚሊሜትር የደብተር ሽፋን ያህል ብትመስልም በፍጥነት ላይ መሪው ድረስ ትሰማለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ሰው የሚሞትበት ነገር እዚህ ነው።

የኋላው እግር ሲወርድ አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በመካከለኛው መቆሚያ ላይ ይቆማል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ዳዶው ወደ ኋላ እንዳይፈታ የምትከለክል ኮፒሊያ አለች፤ በፒንሳ ትወጣለች። ዳዶው ይፈታል፤ የካቴና መወጠሪያ ቡሎኖች ይላላሉ፤ የፍሬኑ ዘንግ ይለቀቃል። ከዚያ የፍሬን ሸራዎቹን የተሸከመውን ክብ ክዳን ከሹካው ጋር ያያያዘች አንዲት የብረት ክንድ አለች፤ እሷም ትፈታለች። ዘንጉ ይሳባል፤ ቦኮላዎቹ ይወድቃሉ (የግራው ከቀኙ ስለሚለይ ወዲያው ምልክት ማድረግ ነው)፤ ካቴናው ከኮሮናው ይወጣል፤ እግሩ ይወርዳል። ለመግጠም ተቃራኒው ነው።

ያቺ የብረት ክንድ ምን ትሠራለች? ፍሬን ሲያዝ ሸራዎቹ የሚዞረውን ታምቡር ይይዛሉ። ሸራዎቹ ታምቡሩን ወደ ኋላ ሲጎትቱ፣ ታምቡሩም እነሱን ወደ ፊት ይጎትታቸዋል፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ማለት ይህ ነው። ሸራዎቹ ደግሞ ክዳኑ ላይ ናቸው። ክዳኑን ምንም ካልያዘው ከእግሩ ጋር አብሮ ይዞራል። ይህን ሁሉ ጉልበት የምትይዘው ያቺ አንዲት ክንድና ሁለት ቡሎኖቿ ናቸው። ክንዷ ከሌለች ወይም ቡሎኗ ከወለቀ፣ ነጂው ፍሬን በረገጠ ጊዜ ክዳኑ ይሽከረከራል፤ የፍሬኑን ዘንግ እየጠቀለለ ይጎትተዋል፤ ፍሬኑ ይብስ ይይዛል፤ እግሩ በአንድ አፍታ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ከተማ ውስጥ ሄደን ያነጋገርናቸው ጎሚስታ ይህን ስንጠይቃቸው እጃቸውን ከሥራ አነሡ። አንድ ገጠር የሚሠራ ወጣት ጎማ ከተቀየረለት በኋላ ክንዷን ያሰራት ቡሎን ኮፒሊያ ሳይደረግባት ሄዶ፣ ቁልቁለት ላይ እግሩ ቀጥ ብሎበት እንደ ወደቀና የአንገቱ አጥንት እንደ ተሰበረ አጫወቱን። «ልጁ ተረፈ» አሉን። «እናንተ ልጆች ነጩን ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ግን ሞተር ሲመጣልኝ ቀድሜ የማየው ኮፒሊያዋን ነው።» «ጋሼ፣ የወጣችውን ኮፒሊያ መልሶ ማስገባትስ?» ብንላቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮፒሊያ ታጥፋ ከተቃናች ብረቷ ይደክማል፤ ዋጋዋ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም፤ በየጊዜው አዲስ ነው የሚደረገው።

እግሩ ከተገጠመ በኋላ ካቴናው ይወጠራል። በግራና በቀኝ መወጠሪያዎች አጠገብ የተቀረጹ ምልክቶች አሉ፤ ሁለቱም እኩል መቆም አለባቸው፤ አለዚያ እግሩ ጋደል ብሎ ይቀመጣል። የታችኛው የካቴናው ክፍል መካከል ላይ ሲነካ ከላይ ወደ ታች 2 ሴንቲሜትር ገደማ መጫወት አለበት። ከመጠን በላይ የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታዎቹን ይበላል፤ የላላ ይዘላል። ምልክቶቹን ብቻ አናምንም የሚል ሰው ረዥም ሲባጎ ከኋላው ጎማ በሁለቱም ጎን ወደ ፊት ይዘርጋ። የኋላው ጎማ ወፍራም ስለ ሆነ ሲባጎው የፊቱን ጎማ አይነካም፤ ግን በግራና በቀኝ የሚቀረው ክፍተት እኩል መሆን አለበት።

ጎማውን በቸርኬው ላይ የማስገባቱ ሥራ ለጎሚስታ ቢተው ይሻላል፤ ሆኖም እሱም ሲሠራ ምን እንደምናይ እንወቅ። ባለ ሽቦ ቸርኬ በየሽቦው ራስ ቀዳዳ ስላለው አየር አይዝም። ስለዚህ ጎማው «ካላማዳሪ አያስፈልገውም» ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ ካላማዳሪ ይገባበታል፤ እሷም የ16 ኢንች ልክ መሆን አለባት፤ የ18ቷ ትታጠፍና በእጥፋቷ ትፈነዳለች። በሽቦዎቹ ራስ ላይ የላስቲክ ቀበቶ ይዞራል። ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ካለ ይጠበቃል። ማንሸራተቻው የሳሙና ውሃ ነው እንጂ ዘይት አይደለም። አየር ሲሞላ በጎማው ጎን ዙሪያ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ያለች ቀጭን መስመር በየቦታው እኩል መታየት አለባት፤ አንድ ቦታ ከሰጠመች ጎማው አልተቀመጠም፤ አየሩ ተነፍሶ እንደገና ይጀመራል። ከተጻፈው መጠን በላይ አየር በመሙላት «ይዘል ይሆናል» ብሎ መጠበቅ የጎማውን የሽቦ ጠርዝ ይበጥሳል፤ ጎማውም እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ሌላም ቁጥር አለ፦ የፍጥነት ፊደል። የሲቢ 750 ጎማ ኤች የሚል ነበር፤ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ኤስ 180፣ ፒ 150 ነው። ነጭ ጎን ያለው ዝቅ ያለ ፊደል ካለው ነጂው ከዚያ በታች ለመንዳት ተስማማ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ልፋት ለመሸሽ የተፈጠሩ አቋራጮች አሉ። አንደኛው በጥቁር ጎማ ላይ ነጭ ቀለም መቀባት ነው። የጎማ ጎን በእያንዳንዱ ዙር ስለሚተጣጠፍ ቀለሙ በጥቂት ቀን ተሰነጣጥቆ ይረግፋል፤ ጉዳቱ በመልኩ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መካከል የሚሰነቀር ነጭ የላስቲክ ቀለበት ነው። ይኸኛው ይከፋል፤ በፍጥነት ላይ እየተርገበገበ የጎማውን ጎን ይፈገፍገዋል፤ ከሥሩ የሚገባው አሸዋም እንደ ሞረድ ይሠራል። ሦስተኛውና የባሰው፣ «16 እስከ ሆነ ድረስ የመኪና ጎነ ነጭ ጎማም ይገባል» የሚለው ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የመኪና ጎማ ጠርዝና የሞተር ብስክሌት ቸርኬ መቀመጫ ቅርጻቸው አንድ አይደለም። የመኪና ጎማ መሬት የሚነካው በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ መኪና ሲታጠፍ አይጋደልምና። ሞተር ብስክሌት ግን ተጋድሞ ነው የሚታጠፈው፤ ስለዚህ ጎማው ክብ ጀርባ ያስፈልገዋል። ጠፍጣፋው ጎማ ሲጋደም በጠርዙ ብቻ ይቆማል።

ነጩ ጎን አዲስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ነው። ይህ በመንገድ እንዳይቆሽሽ መከላከያ ነው፤ ከመነዳቱ በፊት በውሃ ይታጠባል፤ ከደረቀበት በኋላ ለማስለቀቅ ያስቸግራል። ከዚያ ወዲያ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። በቤንዚን የሚያጥቡት አሉ፤ ቤንዚን ላስቲኩን ይጎዳል፤ የጥቁሩንም ቆሻሻ ወደ ነጩ ያሰራጫል። በአቧራማ መንገዳችን ነጭ ጎማ ነጭ ሆኖ ስንት ቀን እንደሚቆይ መቼም ለአንባቢ አንነግርም።

አዲስ ጎማ ከቅርጹ ሲወጣ ፊቱ ልሙጥ ስለ ሆነ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይጋደሙና ፍሬን በኃይል ሳይረግጡ መንዳት ያስፈልጋል። አዲስ የተወጠሩ ሽቦዎችም በቦታቸው ሲደላደሉ ይላላሉ። ስለዚህ ከእነዚሁ የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች በኋላ እግሩን እንደገና ሰቅሎ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ማዳመጥ፣ የላሉትን ማጥበቅ፣ የካቴናውን ውጥረት መለካት፣ የዘንጉንና የፍሬን ክንዷን ኮፒሊያ በዓይን ማየት ነው። የሳይንስ ክበቡ የጠመኔውን ሙከራ ለማየት ለሚፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወርክሾፑ ደጃፍ ይደግመዋል። ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ፤ የኛው አንድ ብቻ ነው።